ቁጥሩ ሳይቀየር

«ማንም አያነበውም» አለ የጸሐፊዋ እህት ባል፣ አፉ እንቁላል እንደሞላ። ስልኩን በስኳር ዕቃው አስደግፎ፣ ድምፁን ለቆት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ጋር ያወራል። «ልንገርህ አይደል፣ ደንበኛ ማለት ወረቀት ሲሰጡት ፊርማው የት ጋ ነው ብሎ የሚጠይቅ ፍጡር ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናሻሽል ሰማይ አይደፋብንም። ጥፋቱ የእነሱ ነው፣ አለቀ። የላቦራቶሪዋ ሴትዮ ስትመጣ ውሃ፣ ብስኩት፣ ለስለስ ያለ ፊት። ትንሽ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትሄዳለች።» ከስልኩ ውስጥ የሌላ ሰው ሳቅ ተንጣጣ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ሲስቅ ከጢሙ ላይ የእንቁላል አስኳል ወርዶ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ጠብ አለ። ሚስቱ በሶፍት ጠረገችው። ሶፍቱን አጣጥፋ ከሳህኗ ሥር ሸጎጠችና፣ ሌላ ጠብታ የምትጠብቅ ይመስል እጇን እዚያው አቅራቢያ አኖረችው።

ታናሽ እህቷ፣ ጸሐፊዋ፣ ይህን ሁሉ የሰማችው ከጠረጴዛው ማዶ ዳቦ እየቀባች ነው። መሥሪያ ቤት «ጸሐፊዋ» ይሏታል፤ እዚህ ቤት ግን «እሷ» ናት። እሷ በላች? እሷ መብራት አጥፍታለች? የምትኖረው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። አልጋና ቁምሳጥን ገብተውበት የተረፈው ቦታ ለአንድ ሰው መቆሚያ ብቻ ነው፤ መስኮቱ የሚከፈተው በጎረቤት የልብስ ማጠቢያ ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የቆየ የሳሙና ውሃ ይሸታል። ክፍሉንም ሥራውንም ያገኘችው በእህቷ ባል በኩል ነው። እሱ ይህን በአፉ ተናግሮት አያውቅም፤ ጨው አቀብይኝ ሲላት ግን ድምፁ ውስጥ አለ።

ድርጅታቸው ኮምፒውተር ያከራያል። ተሸክመው ቤት የሚወስዱትን አይደለም፤ ክላውድ የሚሉትን፣ ራቅ ያለ አዳራሽ ውስጥ ተደርድሮ በኢንተርኔት የሚደረስበትን። ደንበኛው የሚፈልገውን በአንዲት አጭር ቋንቋ ጽፎ ይልካል፤ ይህን ያህል ማሽን አዘጋጁልኝ፣ መረጃዬን እዚህ አስቀምጡልኝ፣ ይሄኛውን ከሥራ አንሱልኝ እያለ። ጽሑፉ ቴምፕሌት ይባላል። በእያንዳንዱ ቴምፕሌት አናት ላይ የቋንቋው የቨርዥን፣ ማለትም የእትም፣ ቁጥር ይሰፍራል፤ የተቀረው ሁሉ የሚነበበው በዚያ ቁጥር ሕግ ነው። የቋንቋውን መመሪያ የምታዘጋጀው ጸሐፊዋ ናት። ከመመሪያው ሁሉ የምትወዳት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረቻት፦ «በአንድ ቨርዥን የተጻፈ ቴምፕሌት ትርጉሙ አይለወጥም፤ ትርጉም የሚለውጥ ማሻሻያ የሚወጣው በአዲስ ቁጥር ብቻ ነው።» ስለዚያች ዓረፍተ ነገር ከመሐንዲሶቹ ጋር ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ተከራክራለች። ሌላው መመሪያ ነው፤ ያቺ ግን ቃል ናት፣ ሰው ለሰው የሚሰጠው ዓይነት።

ባለፈው ሳምንት፣ ድርጅቱን ለባለቤቶቹ የሚመራው የእህቷ ባል ትርጉም አስለወጠ። ድሮ አንድ ማሽን ሲነሳ፣ ደንበኛው ስለ መረጃው ምንም ካላለ፣ መረጃው ይቀመጥለት ነበር። አሁን ምንም ካላለ ይጠፋል። ማከማቻው ሞልቶ መፈናፈኛ ስላጣ ነው። ቁጥሩ ግን ያው ሁለት እንደነበረ ሁለት ነው፤ ሦስት ቢባል ደንበኞች ምን ተለወጠ ብለው ይጠይቃሉ፣ ጥያቄ ደግሞ ራስ ምታት ነው። በዚህ መሀል አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ አሮጌ ማሽኑን አንስቶ በአዲስ ሊተካ፣ እንደ ሁልጊዜው ቴምፕሌቱን ላከ። የዓመታት የዕጢ ምርመራ ውጤት ውሃ በላው።

ወደ ሥራ የምትሄደው በእህቷ ባል መኪና ነው። መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለው ሽቶ የተበላሸ ፍራፍሬ ይሸታል፤ እሱ ደግሞ ስቴኪኒ አፉ ውስጥ እያመላለሰ ጥርሱን እየመጠጠ ነው የሚነዳው። ጩር፣ ጩር። ከቤት ወጥተው ትልቁ መንገድ እስኪደርሱ ስለ መኪና መብዛትና ስለ ነዳጅ መወደድ አወራ። ቀይ መብራት ሲይዛቸው ዞር ሳይል፣

«ያቺ የቨርዥን ዓረፍተ ነገርሽ ትንሽ ጠንከር ብላለች» አላት።

«ቃል ናት፣ ጋሼ።»

«ቃልማ ቃል ናት፤ ማን አይደለችም አለ? ጫፏ ላይ ‹እንደ አስፈላጊነቱ ሊሻሻል ይችላል› የምትል ጨምሪባት። ቀኑን የአምናውን አድርጊው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ያለው ሾፌር ጡሩምባውን አንባረቀው።

«ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

ይህን እንደ እሺታ ቆጠረውና ስቴኪኒውን በመስኮት ተፋው። ነፋስ መልሶ እጅጌው ላይ ለጠፈበት፤ አላየውም። እሷ አይታለች። ልትነግረው ከንፈሯን ካላቀቀች በኋላ ተወችው፤ መሥሪያ ቤት እስኪደርሱ ድረስ ያቺን እርጥብ እንጨት ስታይ ሄደች፣ ዓይኗን መንቀል እያቃታት።

ቢሮው ምንጣፉ ከታጠበ ጀምሮ የእርጥብ ውሻ ጠረን አለው። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መጀመሪያ ያደረገችው አዲስ የኢሜይል ደብዳቤ መክፈት ነው፤ «አልጨምርም» ብላ ልትጽፍለት፣ ፊት ለፊት ማለቱ ስለከበዳት። ከመጻፏ በፊት ግን ዓረፍተ ነገሯን አንድ ጊዜ ልያት ብላ መመሪያውን ከፈተች። ተጨምሮ ጠበቃት። «እንደ አስፈላጊነቱ ሊሻሻል ይችላል» ይላል፤ ቀኑ የአምና ነው፤ ከሥሩ፣ አዘጋጅ በሚለው ቦታ፣ የራሷ ስም አለ። የእህቷ ባል መልሷን አልጠበቀም፤ መኪና ውስጥ የጠየቃት እንዲያው ለወግ ነበር። ሰው ጠዋት ተነስቶ የጥርስ ብሩሹን ሲያነሳ እርጥብ ሆኖ ሲያገኘው የሚሰማው ስሜት ተሰማት፤ አንድ ሰው አፉ ውስጥ ከትቶት፣ አለቅልቆ፣ እንዳልተነካ አድርጎ መልሶ አቁሞባታል። መጸዳጃ ቤት ሄዳ እጇን ታጠበች። ሳሙናው ውሃ ተጨምሮበት ቀጥኖ ስለነበር አልጸዳ አላት፤ ደግማ ታጠበች።

ማከማቻውን የሚጠብቀው መሐንዲስ ቀጭኑ ይባላል። ቀጭን አይደለም፤ ስሙ ከወጣለት በኋላ ነው የወፈረው። ብስኩት በልቶ ፍርፋሪውን ከኮምፒውተሩ ፊደላት መሀል በወረቀት ጫፍ እየቆፈረ አገኘችው።

«የጨመርከው አንተ ነህ?»

«ዛሬ ጠዋት ታዝዤ ነው» አለ ቀና ሳይል። «እኔ ምን አገባኝ? አዘዘኝ፣ አደረግኩ።»

«በእኔ ስም?»

«ገጹ ላይ የነበረው ስም ያንቺ ነዋ። አዲስ አላመጣሁም።»

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ሌላ ነገር ልትለው ነበር የመጣችው፤ የላቦራቶሪው ነገር ቀደማት። «መረጃቸው ጠፋ ማለት፣ ጠፋ ጠፋ ነው?»

ቀጭኑ በሩን አየ። ከዚያ እሷን አየ። ከዚያ ወደ ፍርፋሪው ተመለሰ። «የተሰረዘ ነገር ወዲያው አይፋቅም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሳምንት ያህል ጥግ ይዞ ይቆያል። የእነሱ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይፋቃል።»

«ታዲያ ለምን አይመለስላቸውም?»

«ከመለስን ያጠፋነው እኛ ነን ማለት ይሆናል ተባለ። ደንበኛው ራሱ በጽሑፍ ካልጠየቀ አትንኩ፤ መጠየቅ እንደሚቻል ደግሞ አታውሩ ተባልን።» ከፊደላቱ መሀል አንድ ትልቅ ፍርፋሪ ወጣለት፤ ትንሽ አየውና አፉ ውስጥ ጣለው። «ልጆች አሉኝ» አላት፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ጸሐፊዋ ተነሳች። ልጅ የሌለው ማን አለ፣ ብላ አሰበች፤ እዚህ አገር ለክፉ ሥራ ሁሉ ልጅ ነው የሚጠራው። ምራቋ አፏ ውስጥ ሞላ፤ የምትተፋበት ስላጣች ዋጠችው።

የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ከቀጠሮዋ ቀድማ መጣች። ዕድሜዋ የገፋ፣ እግሯ ያበጠ ሴት ናት፤ ጫማዋን ከኋላ ረግጣ እንደ ነጠላ ጫማ አድርጋዋለች። የስብሰባው ክፍል ውስጥ ባለመስታወት ጠረጴዛ፣ በየወንበሩ ፊት አንዳንድ ጠርሙስ ውሃ፣ መሀል ላይ ብስኩት። የእህቷ ባል ሴትየዋን ክንዷን ይዞ አስቀመጣት፤ «እናቴ» አላት፤ ወንበሯን አስተካከለላት። ጸሐፊዋንም አስጠራት። «አጠገቤ ሁኚ» አላት በጆሮዋ፤ ትንፋሹ የጠዋቱን እንቁላል ይሸታል።

ሴትየዋ ብስኩቱንም ውሃውንም አልነካችም። «እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም» ብላ ጀመረች። «የእኛ ልጅ ነው ቴምፕሌቱን የሚጽፈው። ለዓመታት ያንኑ ሲልክ ነበር፤ አንዲት ፊደል አልነካም። ውጤት የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። የአንዳንዶቹ ናሙና አልቋል፤ እንደገና ለመመርመር እንደገና መቁረጥ ነው። ዛሬ ጠዋት አንዲት እናት፣ ከጡትሽ ሌላ ናሙና እንወስዳለን ብላት፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ዝም ብላ ተቀመጠች። በሽተኛ እየረገጣት እንዳያልፍ ብዬ ከሥሯ ቆሜ ነው የቆየሁት እንጂ ከዚህም ቀድሜ እመጣ ነበር።»

የእህቷ ባል ራሱን ነቀነቀ። የሐዘን ፊት አለው፤ ለቅሶ ቤት ሲሄድ የሚያደርገው፣ ከንፈሩን ወደ ውስጥ የሚያጥፍበት። የብስኩቱን ሳህን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «በጣም ያሳዝናል። አንጀት ይበላል። ግን ምን ይደረግ፣ ቴምፕሌታችሁ ላይ ‹መረጃው ይቀመጥ› የሚል መስመር የለም።»

«ኖሮም አያውቅም። ሳንጽፈው ይቀመጥልን ነበር። ቁጥሩ ሁለት ነው፤ እኛም አልቀየርን፣ እናንተም አልቀየራችሁ።»

«ልክ ነዎት። ግን መመሪያው እንደ አስፈላጊነቱ ሊሻሻል ይችላል ይላል። ከአምና ጀምሮ።» ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ፤ ፈገግታውን ይዞ ነው የዞረው። «መመሪያውን የምትጽፈው እሷ ናት። ንገሪያቸው እስቲ።»

ለካ ለዚህ ነው የጠራት። ጸሐፊዋ ጠረጴዛው ላይ የጣቶቹን አሻራ አየች፤ መስታወቱ ላይ እንደ ቅባት ተኝቷል። ስለ ክፍሏ አሰበች፣ ስለ እህቷም፤ ቁርስ ላይ ያጣጠፈችው ሶፍት ትዝ አላት። ድምፄ ይንቀጠቀጣል ብላ ፈራች፤ ሲወጣ ግን ደረቅ ብሎ ወጣ።

«አልጻፍኩትም» አለች። «ዛሬ ጠዋት ነው የተጨመረው፤ እኔ አልጨመርኩትም። እኔ የጻፍኩት ትርጉም አይለወጥም የሚለውን ነው። የተለወጠው ባለፈው ሳምንት ነው፤ የለወጥነውም እኛ ነን።» የእህቷ ባል እግር ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ፈልጎ አገኘና ተጫናት። እግሯን ሳብ አደረገች። «መረጃችሁ ደግሞ አልተፋቀም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለ። በጽሑፍ ከጠየቁ ይመለሳል። አሁን፣ እዚሁ ተቀምጠው ይጻፉ።»

ሴትየዋ አላመሰገነችም። ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው፤ በመንገድ ላይ ያገኘችው ቆሻሻ ውስጥ ቀለበቷን ያየች ይመስል፣ ሊነኩት የሚያስጠላ ሊተዉት የማይቻል። ከዚያ ስልኳን አወጣች። «ምን ብዬ ልጻፍ?» ጸሐፊዋ እያንዳንዱን ቃል ነገረቻት፤ ሴትየዋ በአንድ ጣቷ እየፈለገች ጻፈች። የእህቷ ባል ፈገግታ አልወረደም። ወንበር ሥር የተለጠፈ ማስቲካ እንደማይወርደው፣ ደርቆ እዚያው ቀረ። ደብዳቤው ሲላክ ተነስቶ «በጣም ጥሩ» አለና አንድ ብስኩት አንስቶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ቀጭኑ መረጃውን መለሰ። ምንም አልጎደለም። መልሶ ሲጨርስ በጸሐፊዋ ጠረጴዛ አጠገብ አለፈ፤ አልቆመም፤ «ደርሷል» ብቻ አላት። እሷ ስንብቷን ስትጠብቅ ዋለች። ማንም አልጠራት። ማንም አላያትም። ከምሳ የተረፈ ዓሣ አንዱ በማይክሮዌቭ አሙቆ ቢሮው ሁሉ ሸተተ፤ ሰዎች ስለ ዓሣው ተጣሉ፣ ስለ ላቦራቶሪው ማንም ምንም አላለም። ሲመሽ መኪናውን ሳትጠብቅ በአውቶቡስ ተሳፈረች። ቆማ፣ የሰው ብብት ሥር፣ ቤት ስትገባ የሚጠብቃትን ስድብ በሆዷ እየደረደረች። ወጪት ሰባሪ ይለኛል፤ ያበላኋትን ይቆጥራል፤ ሻንጣዬ ውጭ ይጠብቀኛል።

ሻንጣ አልጠበቃትም። እህቷ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠበች ነበር። «ምን አድርገሽው ነው?» አለቻት በሹክሹክታ። «ኬክ ገዝቶ ገባ። ሲቆጣስ ለምጄዋለሁ፤ እንዲህ ሲደሰት ነው የምፈራው።» ጸሐፊዋ ፎጣ አንስታ ሳህን እየተቀበለች ነገረቻት፤ ስለ ጥግ የተቀመጠው መረጃ፣ ስለ ብስኩቱ፣ መሬት ላይ ስለተቀመጠችው እናት። እዚህ ጋ ስትደርስ የእህቷ እጅ ከአረፋው ሥር ቆመ። ውሃው እየፈሰሰ ነው። እህቷ ቧንቧውን ዘጋች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ እራት ልታቀርብ ወጣች።

የእህቷ ባል ከእራት በፊት ኬኩን ቆረሰ። ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፤ የእግር ኳስ ተንታኞች እርስ በርስ ይናከሳሉ። «ነይ ጀግናዬ» አላት። «ዛሬ ወጪት ሰባሪ ልልሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ባለቤቶቹ ደወሉ። ላቦራቶሪው ‹መረጃችን ተመልሶልናል› ብሎ ጽፎላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ የእኛ ፈጣን ምላሽ መስሏቸው ተደስተዋል። እኔ ምን ልበል? ነው አልኳቸው!» ሳቀ። ክሬም ከንፈሩ ላይ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። «እንዲያውም አንዲት ማስታወቂያ ትጽፊልናለሽ። ‹የደንበኞቻችንን መረጃ እንዴት ታደግን› የምትል። ብዕርሽ ጥሩ ነው። ቤተሰብ አይደለን? ያለፈው አልፏል።»

«ቁጥሩስ?» አለች።

«የምን ቁጥር?»

«ቨርዥኑ። ሦስት ይባላል? ወይስ የድሮው ትርጉም ይመለሳል?»

«ሁለት ነው። ሁለት ሆኖ ይቀጥላል። ማከማቻው ገና አሁን መተንፈስ ጀመረ።»

«ሌሎቹ ደንበኞችስ? ትምህርት ቤቶቹ? የዓይን ክሊኒኩ? እነሱም ሳያውቁ ማሽን ያነሳሉ።»

«የጮኸ ይመለስለታል፤ ያልጮኸ አልፈለገውም ማለት ነው» አለ፣ ሁለተኛውን ቁራጭ ወደ አፉ እያስገባ። «ብዪ እንጂ፣ ኬኩ ትኩስ ነው።»

ሳህኗ ላይ ያለው ኬክ ላዩ ወርዝቷል። ማንኪያውን አነሳች። ማንኪያውን መልሳ አስቀመጠችና ስልኳን ከኪሷ አወጣች። መመሪያው ያልገባው ደንበኛ ሁሉ የሚደውልላት ለእሷ ስለሆነ የሁሉም ስልክ አላት። የዓይን ክሊኒኩን የኮምፒውተር ሠራተኛ ቁጥር ፈልጋ ነካችው። የእህቷ ባል መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ማላመጡን አቆመ።

«ለማን ነው?»

ስልኩ ይጠራል።

«ዝጊው ብዬሻለሁ። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ነገ ሥራም የለሽ፣ ቤትም የለሽ።»

እህቷ ተነሳች። ጸሐፊዋ ስልኩን ልትነጥቀኝ ነው ብላ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። እህቷ ግን አልፋት ሄዳ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ክፍሉ ጭጭ አለ። ከስልኩ ውስጥ «ሃሎ?» የሚል ድምፅ ለሁሉም ተሰማ።

«በማታ ስላስቸገርኩህ ይቅርታ» አለች ጸሐፊዋ። «ስለ ቴምፕሌታችሁ ነው። በዚህ ሰሞን የምታነሱት ማሽን አለ?»

«አለ እንጂ፣ እንዴት አወቅሽ?» አለ ሰውየው። «ነገ ጠዋት አንዱን ላነሳ ነው፤ ጽፌ ጨርሼዋለሁ።»

«አትላከው። ትርጉሙን ለውጠነዋል፤ ቁጥሩን ሳንቀይር። እንዳለ ብትልከው የበሽተኞቻችሁ መረጃ ይጠፋል።»

ሰውየው በዝግታ፣ «ተባረኪ» አለ፤ ወዲያው ደግሞ፣ እንደነቃ ሰው፣ እናንተ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ ብሎ ጮኸባት። ሁሉንም እስኪጨርስ ሰማችው፤ እውነቱን ነው። የእህቷ ባል ሳህኑን ገፍቶ ወደ መኝታ ቤት ገባና በሩን ወርውሮ ዘጋው። ጸሐፊዋ ስልኩን ዘጋች። እህቷ የባሏን ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ቀጥሎ ማን ነው?» አለቻት።